ዳንቴሉ የማይታየው የረግረግ ትኋን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ነፍሳት በጋዜጣ የሚወጣው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አንበጣ፣ ስለ ንብ ወይም ስለ ወባ ትንኝ ነው። እኛ የምንጽፍላችሁ ግን ከሰሊጥ ፍሬ ስለማይበልጥ፣ በረግረግ ዳር ከቄጠማና ጁንከስ ከሚባለው ቄጠማ መሳይ የረግረግ ተክል ግንድ ላይ ስለማይርቅ አንድ ትንሽ ፍጥረት ነው። እንድታትሙልን የምንለምንበት ምክንያትም አለን። ረግረግ መሬት ላይ ነፍሳት የሚመዘግቡ ተማሪዎችና ፎቶ አንሺዎች ይህን ፍጥረት በተመለከተ ሁለት ስሕተት ይደጋግማሉ፤ እሱ ያልሆነውን እሱ ነው ይላሉ፣ እሱን ራሱን ሲያገኙት ደግሞ ይጥሉታል። ሁለቱም ስሕተት የሚመነጨው ከስሙ ነው።

ቤተሰቡ በሳይንስ ቲንጊዴ ይባላል። በዓለም ላይ 2,500 ያህል ዝርያዎች ተገልጸውለታል። የአብዛኞቹ ክንፍና የደረት ጋሻ በኪሮሽ እንደተሠራ ዳንቴል በጥቃቅን መስኮቶች የተሞላ ስለሆነ ባለ ዳንቴል ትኋን ብንለው ያምርበታል። ትኋን መባሉ የሚያስደነግጠው አንባቢ ካለ፣ ከአልጋው ትኋን ጋር የሚያዛምደው በሰፊው የትኋን ክፍለ መደብ ውስጥ መሆኑና መርፌ መሳይ አፉ ነው። የዚህኛው ምግብ የተክል ጭማቂ ነው።

በመጽሐፍና በስልክ ላይ የሚታየው የባለ ዳንቴል ትኋን ሥዕል በአጥር ቁጥቋጦና በጌጥ ዛፍ ላይ የሚኖሩት ዝርያዎች ሥዕል ነው። እነሱ ከደረታቸው ግራና ቀኝ እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተዘረጋ ሰፊ ጠርዝ አላቸው፤ አንዳንዶቹም ራሳቸውን የሚሸፍን ቆብ ይጨምራሉ። ያን ሥዕል በልቡ ይዞ ረግረግ የገባ ሰው የሚፈልገውን አያገኝም። የቄጠማና የጁንከስ ወዳጅ የሆነው ወገን፣ አግራማ የሚባለው፣ ያ ሁሉ ጌጥ የለውም። ይህን የወገን (ጂነስ) ስም የነፍሳት ተመራማሪው ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1829 ሰጠው። በአውሮፓ ረግረጎች የሚታወቀውን አግራማ ሌቱም የተባለ ዝርያ ደግሞ ሌላው ተመራማሪ ፋለን ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1807 ገልጾት ነበር። በቆዩ መጻሕፍት ውስጥ ወገኑ ሴረንቲያ በሚል ስም ስለሚገኝ፣ የድሮ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ሁለቱንም ስሞች ይፈልግ።

እንግዲህ አግራማ በምን ይታወቃል? ርዝመቱ ከራሱ ጫፍ እስከ ክንፉ ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ቅርጹ ጠበብ ብሎ ሞላላ ነው። የደረቱ ጋሻ ጎንና ጎን ምንም የተዘረጋ ጠርዝ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ያለው ቢኖር እንደ ክር የቀጠነ መስመር ነው። ቆብ የለውም። ብዙዎቹ ዘመዶቹ በጋሻቸው ላይ ሦስት ቁመታዊ ሸንተረር ሲኖራቸው የእሱ አንድ፣ መሐል ላይ የሚሄድ ዝቅ ያለ ብቻ ነው። በክንፉ ላይ ያሉት መስኮቶችም በጣም ትንንሽና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። በባዶ ዓይን ለሚያየው ክንፉ ልሙጥ ነው፤ በ10 እጥፍ የእጅ ሌንስ ደግሞ ዳንቴል ሳይሆን በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ ቆዳ ይመስላል። 20 እጥፍ ሲደርስ ነው መስኮቶቹ መስኮት የሚሆኑት። ብዙ ሰው በ10 እጥፍ ይቆምና ይጥለዋል።

ጌጡ ስለጠፋ ቤተሰቡን ማረጋገጥ የሚቻለው በሌሎች ምልክቶች ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከዳንቴሉ ይልቅ የታመኑ ናቸው። አንቴናው አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አጭር፣ ሦስተኛው ቀጭንና ከሁሉም ረጅም፣ አራተኛው ወፈር ያለና ጠጉር የበዛበት ነው። ከትልልቆቹ ሁለት ዓይኖች በቀር በግንባሩ ላይ ተጨማሪ ትንንሽ ዓይኖች የሉትም። የእግሩ መርገጫ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። የደረቱ ጋሻ ወደ ኋላ ተስቦ በሌሎች ትኋኖች ጀርባ ላይ በግልጽ የሚታየውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይሸፍነዋል። የፊት ክንፉም ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ በሌሎቹ ላይ እንደሚታየው ከግማሽ በኋላ ወደ ብርሃን አስተላላፊ ስስ ሽፋን አይለወጥም። ገልብጣችሁ ስታዩት መርፌ አፉ በደረቱ ሥር ባለ ቦይ ውስጥ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ከተገኙ ቤተሰቡ ቲንጊዴ ነው፤ ዳንቴሉ ታየም አልታየም።

ቀለምን በተመለከተ ጠንከር ያለ ቃል እንናገር፤ ቀለምን የመጀመሪያ መለያ የሚያደርግ ሰው ይሳሳታል። አግራማ ሌቱም በደንብ ከበሰለ በኋላ ራሱና ጋሻው ጠቆር፣ ክንፉ የገለባ መልክ ያለው ነው። ገና ከመጨረሻው ቆዳው የወጣው ግን ሁለንተናው የገረጣ ነው፤ ሰውነቱ እስኪጠነክር እንዲሁ ይቆያል። በአልኮል ውስጥ ለወራት የቆየ ናሙናም መልኩ ይለወጣል። የገረጣውን አንድ ዝርያ፣ የጠቆረውን ሌላ ዝርያ አድርጎ መመዝገብ በተማሪዎች ስብስብ ውስጥ የተለመደ ስሕተት ነው። ለስላሳ የሆነ፣ በመርፌ ሲነካ የሚጎደጉድ ናሙና ከሆነ ያልጠነከረ ነውና ዝርያውን ለመወሰን አትጠቀሙበት።

ከሰውነቱ ቀጥሎ የሚመጣው ማስረጃ ተክሉ ነው። ባለ ዳንቴል ትኋኖች በአብዛኛው ምግብ መራጮች ናቸው፤ አንድ ዝርያ በአንድ ወይም በጥቂት ተቀራራቢ ተክሎች ላይ ይወሰናል። የአግራማ ወገን የሚመገበው ከጁንከስና ከቄጠማ ቤተሰቦች ነው። ስለዚህ ትኋኑን ከማየት በፊት ተክሉን መለየት ይገባል። ግንዱን በሁለት ጣት ይዞ ማሽከርከር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የብዙዎቹ ቄጠማዎች ግንድ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ጣት ላይ ይንገዳገዳል፣ አንጓም የለውም። የጁንከስ ግንድ ክብና ልሙጥ ነው፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭ ስፖንጅ መሳይ ሆኖ ይገኛል። የሣር ግንድ ክብ ቢሆንም በየመሐሉ አንጓ አለው። በማስታወሻችሁ ላይ «ሣር ላይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ መዝገቡ ግማሽ ዋጋውን አጥቷል።

ተክል ላይ መገኘትና ከተክሉ መመገብ ግን አንድ አይደሉም። ነፋስ ያመጣው፣ መረብ ያደባለቀው፣ ለእረፍት የተቀመጠው ሁሉ በማንኛውም ቅጠል ላይ ሊገኝ ይችላል። እውነተኛ የምግብ ተክሉ ነው ለማለት ልጆቹን፣ ማለትም ኒምፎቹን፣ እዚያው ማግኘት ያስፈልጋል፤ እነሱ ክንፍ ስለሌላቸው ሩቅ አይሄዱም። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። ላንታና የሚባለውን አረም እንዲያጠፋ እ.ኤ.አ. በ1902 ወደ ሃዋይ የተወሰደው ቴሌዮኔሚያ ስክሩፑሎሳ የተባለ የዚሁ ቤተሰብ ዝርያ ከዚያ በኋላ ለዚሁ ሥራ በብዙ አገሮች ተለቅቋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኡጋንዳ ወደ ሰሊጥ ተሻግሮ ታይቷል። የትኛው ተክል ምግቡ፣ የትኛው ማረፊያው እንደሆነ መለየት ለእርሻም የሚተርፍ ዕውቀት ነው።

አሁን እሱን ወደሚመስሉት እንሂድ፤ ስሕተቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። በቄጠማና በጁንከስ ፍሬ ላይ ሳይመስ የሚባል ቡናማ ትኋን አለ። ጀርባው በነጠብጣብ የተወጋጋ ስለሆነ በችኮላ ሲታይ አግራማ ይመስላል። ግንባሩን እዩት፤ ሁለት ትንንሽ ተጨማሪ ዓይኖች አሉት። ጀርባው ላይ ሦስት ማዕዘኗ ትታያለች፣ የክንፉ ጫፍም ብርሃን የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን ነው። ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ ጉዳዩ አለቀ። በረግረግ ሞስ (እርጥብ መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ በሚበቅለው ደቃቅ አረንጓዴ ተክል) ላይ የሚሄደው ሂብረስ የሚባል ትኋን ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በመጠን ያታልላል፤ ነገር ግን ውሃ እንዳይነካው ሰውነቱ በከፋይ መሳይ ጠጉር ተሸፍኗል፣ በውሃ ላይም ይራመዳል። በጭቃው ዳር የሚገኙት ሳልዲዴ የሚባሉ ትኋኖች ዓይናቸው ጎልቶ የወጣ፣ ገና ስትጠጉ ዘለው የሚበሩ ናቸው። ፒየስማ የሚባለው ከሁሉም ይልቅ ያሳስታል፤ የእሱም ክንፍ መስኮት መሳይ ነው፣ መርገጫውም ሁለት ክፍል ነው። እሱን የሚለየው በግልጽ የምትታየው የጀርባ ሦስት ማዕዘንና ከራሱ ፊት እንደ ትናንሽ ቀንድ የወጡ ሁለት ጉጦች ናቸው።

በጁንከስ ላይ የሚዘልሉ ሁለት ጎረቤቶችም አሉት፤ ኮኖሜለስ የተባለው ተክል ዘላይና ሊቪያ ጁንከረም። ሊቪያ ልጆቿ የሚያድጉበትን የጁንከስ አበባ ወደ ቀይ የተንዠረገገ ጉንጉን ትለውጠዋለች፤ ያንን ጉንጉን የባለ ዳንቴል ትኋን ጉዳት ብሎ መመዝገብ ትክክል አይደለም። አግራማ አይዘልም። ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ወይም ግንዱን ጨብጦ ዝም ይላል። ስትነኩት የዘለለ ነገር ሁሉ ሌላ ነው።

ከራሱ ቤተሰብም የሚምታቱ አሉ። በእርጥብ ሞስ ውስጥ የሚገኘው አካሊፕታ ቁመቱ ከአግራማ ጋር እኩል ነው። እሱ ግን ሞስ ተመጋቢ ነው፣ ጋሻው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሸንተረርና በመስኮቶች የተሞላ የጎን ጠርዝ አለው፤ ብዙውን ጊዜም ክንፉ ያጠረ ነው። የጁንከስ ሥር ሞስ ካለበት ሁለቱም በአንድ ወንፊት ይወጣሉ፤ በዚህ ጊዜ የተክሉ ማስረጃ አያገለግልም፣ የሚፈርደው ጋሻው ብቻ ነው። ዲክቲላ ሁሙሊ ደግሞ ረግረግ ቢወድም ተክሉ የሲምፊተምና የማዮሶቲስ ወገን ነው። የጋሻው ጠርዝ ወደ ላይ ተቀልብሶ በጋሻው ጀርባ ላይ ስለሚተኛ እሱም ጠርዝ የሌለው ሊመስል ይችላል። በጎን ሲታይ ግን ቅልብሱ ይታያል።

ፍለጋው እንዴት ይሁን? ብዙዎች የሚሠሩት የነፍሳት መረብ ይዘው የተክሉን ጫፍ ማጥረግ ነው። ለፈጣን ዳሰሳ ይጠቅማል፤ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ካጠረጉ በኋላ ግን ቆም ብሎ የመረቡን ታች በሌንስ ማየት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ከተጠራቀመ ትልልቆቹ ነፍሳት ትንንሾቹን ይደፈጥጧቸዋል። ጤዛ ሳይደርቅ ወይም ከዝናብ በኋላ ማጥረግ ድካም ነው፤ መረቡ ሲረጥብ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ነፍሳት ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ ይሞታል፣ ይሰበራልም። ትልቁ ችግር ግን መረቡ የሚያርፈው ጫፍ ላይ መሆኑ ነው። የግንዱ ታችና ደረቅ ቅጠል የተጠራቀመበት የቁጥቋጦው እምብርት ሳይነካ ይቀራል።

እኛ የምንመርጠው ዘዴ ነጭ ትሪ ነው። ስፋቱ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትሪ ከቁጥቋጦው ሥር አስጠግቶ፣ ግንዶቹን በእጅ ሰብስቦ አጎንብሶ፣ ደጋግሞ መምታት ነው። ከዚያ መጠበቅ። ሸረሪቶቹና ዘላዮቹ ወዲያው ይንቀሳቀሳሉ፤ አግራማ ከወደቀ በኋላ እንደ ገለባ ቁራጭ ተጋድሞ ይቆያል። ቢያንስ 5 ደቂቃ ትሪውን ሳያንቀሳቅሱ መመልከት ያስፈልጋል። ትሪውን በ1 ደቂቃ ውስጥ የሚያራግፍ ሰው «የለም» ብሎ የሚጽፈው ውሸት ነው። የሥሩን ደረቅ ቅጠልና ሞስ ለመፈተሽ ቀዳዳው ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ወንፊት ይበቃል፤ የወረደውን ደቃቅ በትሪ ላይ በስሱ ዘርግቶ ማየት ነው። ፈትሾ የጨረሱትን ወደነበረበት ሥር መመለስ ግዴታ ነው፤ ቁጥቋጦውን ነቅሎ መውሰድ አያስፈልግም፣ እኛም አንደግፈውም። ነፍሳቱን ለማንሳት የመምጠጫ ቱቦ ወይም በውሃ የረጠበ ለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ይሁን። ወረንጦ እግርና አንቴና ይሰብራል፤ አንቴናው የጠፋ ናሙና ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል።

ስለ ኑሮው ማወቅ ለፍለጋው ጊዜ ይጠቅማል። እናትየዋ እንቁላሏን በተክሉ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ሰክታ ታስቀምጣለች፤ በውጭ የሚታየው የእንቁላሉ ክዳን ብቻ ነው። ልጆቹ አምስት ደረጃ ያልፋሉ፣ በእያንዳንዱም ቆዳ ይጥላሉ። እንደ ቢራቢሮ ሙሽሬ የሚሆኑበት ጊዜ የለም፤ የክንፍ ጉጦች በኋለኞቹ ደረጃዎች ይወጡና ከአምስተኛው በኋላ ክንፍ ይሆናሉ። በቤተሰቡ ውስጥ የብርዱን ወቅት የሚያልፉበት መንገድ ይለያያል። ስቴፋኒቲስ የሚባለው ወገን ውርጭ ባለባቸው አገሮች በእንቁላል ሲያልፍ፣ በፕላታነስ ዛፍ የሚታወቀው ኮሪቱካ ሲሊያታ አዋቂው ራሱ በቅርፊት ሥር ተሸሽጎ ያልፋል። ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው እንደ ሁለተኛው አዋቂ ሆነው ይከርማሉ፤ ብርዱ በሚበረታበት ወቅት ከጫፉ ይልቅ ሥሩን ፈትሹ የምንለውም ለዚህ ነው። ኒምፍን ብቻውን አይቶ የዝርያ ስም መስጠት ግን አያስተማምንም። አዋቂ ካልተገኘ «የቲንጊዴ ኒምፍ፣ በጁንከስ ላይ» ብሎ መጻፍ በቂና ሐቀኛ መዝገብ ነው።

አመጋገቡ በሕዋስ ደረጃ ነው። መርፌውን ሰክቶ የሕዋሱን ይዘት ይመጥጣል፤ ባዶ የቀረው ሕዋስ አየር ስለሚሞላው ቦታው የገረጣ ነጥብ ይሆናል። አጠገቡም እንደ ቫርኒሽ ጠብታ የሚያበራ ጥቁር የኩስ ነጥብ ይተዋል። ሁለቱ አብረው መኖራቸው ጥሩ ምልክት ነው። የገረጣ ነጥብ ብቻውን የተክል ዘላዮች ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ስስ ድር ካለበት የሸረሪት ዘመድ የሆኑት ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳትም ጥቁር ነጥብ ስለሚተው ያሳስታል፤ የእሱ ጠባሳ ግን ነጥብ ሳይሆን ብርማ ጭረት ነው።

ይህ ጉዳት በረግረግ ተክል ላይ ሲታይ ፀረ ተባይ ለመርጨት የሚነሳ እጅ አይጠፋም። እዚህ ላይ በግልጽ እንቃወማለን። ጁንከስና ቄጠማ ይህን ትኋን ተሸክመው የሚኖሩ የአካባቢው ተክሎች ናቸው፤ ጥቂት የገረጡ ነጥቦች አያደርቋቸውም። በሌላ በኩል ፓይረትሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ለዓሣና በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ነፍሳት እጅግ መርዛማ ናቸው። ኒዮኒኮቲኖይዶች ደግሞ በቀላሉ በውሃ ስለሚሟሙ ከተረጩበት ተክል አልፈው ኩሬው ውስጥ ይገባሉ። አንድ ቁጥቋጦን ለማዳን ተብሎ የተረጨው የሚጎዳው ውሃውን ነው። አድናለሁ የተባለው ቁጥቋጦም ከመጀመሪያው አልታመመም ነበር።

ናሙና መያዝ ካስፈለገ ከ2 እስከ 4 አዋቂዎች ይበቃሉ፤ ከተቻለ ሁለቱም ጾታዎች ይኑሩ፣ ተቀራራቢ ዝርያዎችን ለመለየት የወንዱ የሆድ ጫፍ ሊመረመር ስለሚችል። ከ70 እስከ 75 በመቶ የሆነ አልኮል ውስጥ ይቀመጡ። ከዚያ የበረታው ያደርቃቸውና አንቴናቸው በትንሽ ንክኪ ይሰበራል፤ ከዚያ የቀጠነው ያበሰብሳል። በካርድ ላይ የሚለጠፉ ከሆነ ሙጫው በውሃ የሚለቅ ይሁን፣ ከመካከላቸው አንዱም ሆዱ ወደ ላይ ይለጠፍ፤ የአፉ ቦይ የሚታየው እንዲያ ሲሆን ብቻ ነው። በአልኮል ውስጥ የሚገባው ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል፣ ናሙናውም ስም የለሽ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ቦታው፣ ቀኑ ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ ተክሉ፣ የተገኘበት ዘዴ (መረብ፣ ትሪ ወይም ወንፊት) እና የሰብሳቢው ስም ይስፈር። ዘዴውን የሚዘነጋው ሰው ብዙ ነው፤ ሥሩ ተፈትሾ የጠፋና ጫፉ ብቻ ተጠርጎ የጠፋ ግን አንድ ዓይነት «የለም» አይደሉም።

በፎቶ ብቻ ለሚመዘግቡ ደግሞ፦ ከላይ፣ ከጎንና ከሆድ በኩል ሦስት ፎቶ ይነሳ፤ ቢቻል ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ አብሮ ይታይ። በቀጥታ የሚያርፍ ፍላሽ በክንፉ መስኮቶች ላይ ያንጸባርቅና ጋሻውን ይደብቃል፤ በብርሃኑ ፊት አንድ ነጭ ስስ ወረቀት መያዝ ይህን ያስቀራል። ትኩረቱ ዓይኑ ላይ ሳይሆን የደረት ጋሻው ጠርዝ ላይ ይሁን። ከሦስቱ ጋር አራተኛ ሆኖ የተክሉ ግንድ የተቆረጠበት ፎቶ፣ ሦስት ማዕዘን ይሁን ክብ እንዲታይ፣ አብሮ ይላክ።

ከአክብሮት ጋር፣
በረግረግ ነፍሳት ልየታ የምንሠራ አንባቢዎቻችሁ